«አንተን ማን ይሰልላል?»

በዚህ ወር የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳያቸው ተጠራርታችሁ የጻፋችሁልኝ ነው የመሰለኝ። ሁሉም ዞረው ዞረው ስልክና ገመና ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ስለ ኪራይ ውልና ስለ ባንክ ብድር የጠየቃችሁኝ ለቀጣዩ እትም ታገሱኝ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ማንነታችሁን የሚጠቁመውንም አውጥቻለሁ። ርዕሱ ራሱ ያስገድዳል መቼስ።

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቢሮ የላፕቶፔን ካሜራ በፕላስተር ለጥፌ ነው የምሠራው። ፌስቡክ ላይ የልደት ቀኔ የለም፣ ሎኬሽን አጥፍቼ ነው የምንቀሳቀሰው፣ አፕ ስጭን «አሎው» ከማለቴ በፊት አነባለሁ። ባልደረቦቼ «ደኅንነቱ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። «አንተን ማን ይሰልላል? ደሞዝህን እንደሆነ ሁላችንም እናውቀዋለን» እያሉ ይስቁብኛል። እነሱ ምሳቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ የሄዱበትን ሁሉ ይለጥፋሉ። እውነት ሰው ስለ ፕራይቬሲው መጨነቅ ትቷል? ወይስ በሽተኛው እኔ ነኝ?
ደኅንነቱ፣ ከጀሞ

ወንድሜ፣ በሽተኛ አይደለህም። ባልደረቦችህም ግን እንደምታስበው ግድ የለሾች አይደሉም።

ካላመንከኝ ነገ ምሳ ሰዓት አንዱን «ስልክህን ከፍተህ ለአሥር ደቂቃ አውሰኝ» በለው። ከዚያ ፊቱን እየው። ያ ምሳውንና ሚስቱን ሲለጥፍ የሚውል ሰውዬ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎ ይይዛል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ ስክሪኑን ወደ መስኮቱ ያዞራል። የዋትስአፕ ስታተሱን ከአለቃው ደብቋል፣ ከአማቱ ደብቋል፣ ከሰፈር የዕድር ሰብሳቢ ሳይቀር ደብቋል። ሁለተኛ ሲም አለው። ቲክቶክ ላይ ስሙ ስሙ አይደለም። ይሄ ሁሉ ድካም ታዲያ ምንድን ነው?

ልዩነታችሁ ከማን ነው የምትጠብቁት የሚለው ላይ ነው። አብዛኞቻችን የምንፈራው የሚያውቀንን ሰው ነው። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አለቃ፣ የድሮ ፍቅረኛ። ካሊፎርኒያ ያለ ኩባንያ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ አያማንም፣ ደሞዛችንን ለአማታችን አይነግርም፣ ስለዚህ ቢያውቅ ባያውቅ ምንም አይመስለንም። ይሄ ሞኝነት ብቻ አይደለም። ሐሜት ነገ ጠዋት ይደርስብሃል። ኩባንያው ያጠራቀመብህ ነገር ግን መቼና በየት በኩል እንደሚጎዳህ አይታይህም፣ ምናልባትም ጨርሶ አይጎዳህም።

ይሄ የእኛ ጠባይ ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካ ውስጥ ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.አ.አ በ2023 ባወጣው ጥናት ከ10 ጎልማሳ 8ቱ ያህል ኩባንያዎች በመረጃቸው ምን እንደሚያደርጉበት ያሳስበናል ብለዋል። እዚያው ጥናት ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ያንን ረጅም የስምምነት ጽሑፍ ሳያነቡ «እስማማለሁ» የሚለውን መጫን ልማዳቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ያስቃል። ለተማሪዎች የጓደኞቻቸውን ኢሜይል አድራሻ እንዲሰጡ ሲጠየቁ ፒዛ ቀረበላቸው። ሰጡ። «ስለ ፕራይቬሲያችን በጣም ነው የምንጨነቀው» ያሉትም አብረው ሰጡ። በፒዛ! እዚህ ቢሆን በ1 ጂቢ ዳታ ይሆን ነበር።

ይሄን ይዘው ብዙ ሰዎች «በቃ፣ ሰው ግድ የለውም፣ አፉ ብቻ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። እ.አ.አ በኤፕሪል 2021 የሆነውን ልንገርህ። አፕል በአይፎን ላይ አንድ ግዴታ አመጣ። አንድ አፕ ከራሱ ውጪ በሌሎች አፖችና ድረ ገጾች ላይ ሊከታተልህ ከፈለገ አስቀድሞ በግልጽ መጠየቅ አለበት፤ አንተም ወይ ትፈቅዳለህ ወይ ትከለክላለህ። ሌላ ነገር የለውም። ሠላሳ ገጽ ማንበብ የለም፣ ሴቲንግ ውስጥ መቆፈር የለም። የተጠየቀው ሰው አብዛኛው «አይሆንም» አለ። የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ በቀጣዩ ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ይህ ለውጥ በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ገቢ ሊያሳጣው እንደሚችል ተናገረ። እኚያው ለዓመታት ሁሉን ነገር ሲፈቅዱ የኖሩ ሰዎች ናቸው እኮ! ግድ ስላልነበራቸው አልነበረም ዝም ያሉት። በግልጽ የጠየቃቸው ስላልነበረ ነው፤ እምቢ ማለትም ሆን ተብሎ አድካሚ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ሰው ሲታክተው «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ» ይላል። መታከትና ግድ ማጣት ለየቅል ናቸው።

አሁን ወደ ባልደረቦችህ ጥያቄ ልመለስ። አንተን ማን ይሰልላል? ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ሆን ብሎ አንተን የሚፈልግ ነው። ይህ በእኛ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው፣ ተረት አይደለም። የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ እ.አ.አ በ2013 እና በ2014 ባወጣቸው ሪፖርቶች የኢትዮጵያ ተቃዋሚዎችና የኢሳት ጋዜጠኞች በስለላ ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ፊንስፓይ የተባለው ሶፍትዌር ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ተገኝቶ፣ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር። እ.አ.አ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የውጭ መንግሥት ስለሆነ እዚህ መክሰስ አትችልም ብሎ ዘጋው። ሰውየው የፖለቲካ ሥራ ነበረው። ቤተሰቡ ግን ምንም ሳያውቅ ያንኑ ኮምፒዩተር ይጠቀም ነበር።

ሁለተኛው አንተን ለይቶ የማይፈልግህ፣ ሁሉንም የሚያፍስ ነው። የጀሞው ሒሳብ ሠራተኛ የሚገባው እዚህ ነው። እ.አ.አ በ2013 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን «ብራይቴስት ፍላሽላይት» የሚባል የባትሪ መብራት አፕ ላይ እርምጃ ወሰደ። አፑ ከ50 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተጭኗል። መብራቱን ያበራል፣ በጎን ደግሞ ሰዉ ያለበትን ቦታ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያሳልፋል። እ.አ.አ በ2021 ደግሞ የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ሌላ መረጃ ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፈ። እነዚያን 533 ሚሊዮን ሰዎች አንድ በአንድ የሰለለ የለም። መረቡ ውስጥ ተገኙ፣ አለቀ። «ሽልማት ደርሶዎታል» እያለ ስምህን ጠርቶ የሚደውለው ሌባ ቁጥርህን ከየት ያገኘው ይመስልሃል?

ፕላስተሩን አትንቀለው። እ.አ.አ በ2016 ማርክ ዙከርበርግ ፎቶ ሲለጥፍ ከጀርባው የታየው ላፕቶፑ ካሜራው ላይ ተለጥፎበት ነበር፤ ሥጋቱ ከገባው ሰው ነው የተማርከው። ግን ፕላስተር ለጥፈህ የኢሜይልህ ፓስዎርድ ስምህና የተወለድክበት ዓመት ከሆነ ምንም አልሠራህም። አንድ ቀን ቁጭ በልና ስልክህ ላይ ያሉትን አፖች ፈቃድ እያቸው። ካልኩሌተር ኮንታክት አይፈልግም። ኪቦርድ ሎኬሽን አይፈልግም። የታክሲ አፕ ሎኬሽን ይፈልጋል፣ እሱም ስትጠቀምበት ብቻ። ሎኬሽንን ጨርሰህ አጥፍተህ ከመዞር ይሄኛው ይሻልሃል፤ ሲቸግርህ ከተማ መሃል አትጠፋም። ባልደረቦችህን ግን ለቀቅ አድርጋቸው። ስብከት ያሰለቻል።

ከአክስቴ ልጅ በቴሌግራም «ውድድር ላይ ነኝ፣ ድምፅ ስጪኝ፣ የሚመጣልሽን ኮድ ላኪልኝ» የሚል መልእክት መጣ። ላክሁ። ትንሽ ቆይቶ በኔ ስም ለጓደኞቼ ሁሉ «ቸግሮኝ ነው፣ 5 ሺህ ብር በቴሌብር» ተባለ። ሁለቱ ልከዋል። ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፣ እዛ ውስጥ ያለው ፎቶና ወሬ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ቴሌግራም ሚስጥራዊ ነው ሲባል አልነበር እንዴ?
ኤች.፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚሠራ ነገር ልንገርሽ፣ ወሬው ይቆይ። ቴሌግራሙ አሁንም ስልክሽ ላይ ክፍት ከሆነ ሴቲንግ ገብተሽ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺው። የማታውቂው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ተዘርዝሮ ታገኛለሽ። ከሱ በላይ «ሌሎቹን ሁሉ አስወጣ» የሚል ቀይ ጽሑፍ አለ፣ ተጫኚው። ፈጥነሽ ከገባሽ አንቺ ትበልጪዋለሽ፤ ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ ቀድሞ የነበረውን ወዲያው እንዲያስወጣ አይፈቅድም። ቀጥለሽ ያንኑ ሰዓት «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን ክፈቺና ፓስዎርድ አውጪ። ከዚያ በኋላ ኮዱን ቢያገኝ እንኳ ያለ ፓስዎርዱ አይገባም። ይሄን ነገር ይህን ዓምድ የምታነቡ ሁሉ ዛሬ አድርጉት፣ እኔን አትጠብቁኝ።

ገንዘብ የላኩት ጓደኞችሽ ወዲያው ለአገልግሎቱ ደንበኞች መስመር ይደውሉና ለፖሊስም ያመልክቱ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን ዓይነቱን ነገር ወንጀል ብሎታል። የላኩበትን ደረሰኝና መልእክቱን ስክሪንሾት አድርገው ይያዙ። ሌባው በኋላ ሊያጠፋው ይችላልና።

ሚስጥሩን በተመለከተ። ቴሌግራም ላይ ተራው ቻት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ነው አዲስ ስልክ ስትገዢ የአምስት ዓመት ወሬሽ ሁሉ ተከትሎሽ የሚመጣው። ይመቻል፣ እኔም እወደዋለሁ። ኮድሽን ያገኘ ሌባም በዚያው ምቾት የአምስት ዓመቱን ያገኛል። ከሁለታችሁ ስልክ ውጪ የማይቀመጠው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ራስሽ ካልከፈትሽው አይከፈትም። ዋትስአፕ መልእክቱን ከ2016 እ.አ.አ ጀምሮ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ ይቆልፈዋል። በጉግል ወይም በአይክላውድ የሚያስቀምጠው ቅጂ ግን ተለይቶ ካልተቆለፈ ሌላ ጉድ ነው፣ የቻት ባክአፕ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ መቆለፍ ትችያለሽ። ደግሞ የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከተያዘ በኋላ ኩባንያው ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የወንጀል ተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና አይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ለባለሥልጣናት እሰጣለሁ ብሏል። ሰው አሁንም «ቴሌግራም አይነካም» ሲል እሰማለሁ።

የአክስትሽ ልጅም በነገራችን ላይ ተጠልፋ ነው እንጂ እሷ አይደለችም የላከችልሽ። ደውይላት። ሳታውቅ አትቀርም እንጂ ካላወቀችም ትንቃ።

ትሩኮለር ላይ ስሜ «እንዳታነሳ ዕዳ» ተብሎ ነው የሚወጣው። ምን ላድርግ?
ስሜን አትጻፉ፣ ከመርካቶ

ዕዳህን ክፈል።

እሺ፣ ሌላም አለ። ትሩኮለር የሚደውለውን ሰው ስም የሚያሳይ አፕ ነው፤ እዚያ የሚወጣው ስም ብዙ ጊዜ የሚመጣው አፑን ከጫኑ ሰዎች ስልክ ማውጫ ነው። አንተ አፑን ባትጭነውም ጓደኛህ ሲጭነው ያንተን ቁጥር ከነቅጽል ስሙ ይዞህ ሊገባ ይችላል። የትሩኮለር ድረ ገጽ ላይ ቁጥርህን ከዝርዝሩ የምታስወጣበት ገጽ አለ። አካውንት ካለህ መጀመሪያ አካውንቱን መዝጋት ይኖርብሃል። ዕዳ የሰጠህ ሰው ስልኩ ላይ ምን ብሎ እንደመዘገበህ ግን ማንም አያስለውጥልህም።

ሪያድ ነው የምሠራው። ቲክቶክ ላይቭ እገባለሁ፣ ብዙ ጊዜ ኪችን ሆኜ እየሠራሁ። ሰው ይወደዋል፣ ስጦታም ይልካሉ። አንዷ ጓደኛዬ «ማዳም ብታይሽ ትታሰሪያለሽ» አለችኝ። እውነት ነው? እኔ እኮ ራሴን ነው የምቀርጸው።
ናፍቆት፣ ከሪያድ

ናፍቆቴ፣ ጓደኛሽ አላጋነነችም። የሳዑዲ ዓረቢያ የሳይበር ወንጀል ሕግ ካሜራ ባለው ስልክ የሰውን ገመና መድፈርን በስም ጠቅሶ ያስቀምጠዋል፤ ቅጣቱም እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል ይደርሳል። ኤምሬትስ ያላችሁም እንዳትዝናኑ። እዚያ እ.አ.አ በ2021 በወጣው ሕግ ያለ ፈቃድ የሰውን ፎቶ ማንሳትና ማሰራጨት ከ6 ወር የማያንስ እስራት ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ድርሃም ሊያስቀጣ ይችላል፣ ሁለቱንም አንድ ላይም።

«ራሴን ነው የምቀርጸው» ያልሽው ላይ ቆም በይ። ያንቺ ፊት መሃል ላይ ነው፣ ከጀርባሽ ግን ቤቱ አለ። ልጁ ውኃ ሊቀዳ ይገባል። የማዳም ድምፅ ከሳሎን ይሰማል። ፍሪጁ ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ወረቀት በማግኔት ተለጥፏል። እኛ አገር ያለ ዘመድሽ «ቤቱ ሲያምር!» ብሎ ያልፋል፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም። ደግሞ ላይቭ ነው፤ ቆርጠሽ የምታወጪው ነገር የለም።

መቅረጽ ተዪ አልልሽም። ለብዙዎቻችሁ ያ ስክሪን ጓደኛም፣ ሰፈርም፣ እንጀራም እንደሆነ አውቃለሁ። ክፍልሽ ውስጥ፣ ከጀርባሽ ግድግዳ ብቻ አድርገሽ፣ በዕረፍት ሰዓትሽ አድርጊው። ልጆቹ በጭራሽ አይታዩ፣ ጀርባቸውም ቢሆን። «የት ሰፈር ነሽ?» እያለ ደጋግሞ የሚጠይቅሽ ተመልካች ሲበዛ ስጦታ ሰጠም አልሰጠም አትመልሺለት። አገር ቤት ስላለው እናውራ በይና እለፊው።

አንድ ሌላም ልጨምርልሽ፣ አልጠየቅሽኝም ግን ለብዙዎቻችሁ ይሆናል። ስትሄዱ የኢትዮጵያ ሲማችሁ ዕቃ ውስጥ ይቀራል። ሳይሞላና ሳይደወልበት ከቆየ ቁጥሩ ይዘጋል፣ በኋላም ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ቴሌግራማችሁ በዚያ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩን የገዛው ሰው ኮድ ሲጠይቅ የሚመጣው ለሱ ነው። ቴሌግራም ሴቲንግ ላይ «ቼንጅ ነምበር» የሚል አለ፣ ወደ ሳዑዲው ቁጥር ቀይሩት፤ ወሬያችሁም ግሩፖቻችሁም አይጠፉም። ፓስፖርትና ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) ፎቶ አንስቶ ለደላላ በኢሞ መላክም ይብቃ። ሰውየው ስንት ሰው ፓስፖርት ስልኩ ላይ እንዳለው አስቡት።

የልጅ ልጄ ክርስትና ሲነሣ የተላከልኝን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፍሁት። ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የተወለደበትን ቀን ጽፌ «እግዚአብሔር ያሳድግልኝ» አልሁ። ልጄ ቨርጂኒያ ናት፣ ደውላ ተቆጣችኝ፣ አሁኑኑ አጥፊው አለችኝ። አጠፋሁት፣ ግን አዘንሁ። ምን ክፉ ነገር ሠራሁ?
እናት፣ ከደብረ ብርሃን

እማማ፣ ክፉ ነገር አልሠሩም። እንኳን ደስ ያለዎት፣ እርሱ ያሳድግልዎ።

ልጅዎ ግን እውነት አላት፤ እርስዎም ቢሆኑ ነገሩን ከሷ በፊት ያውቁታል። እርስዎ ስትወልዱ አራስ ቤት ማንም እየገባ ሕፃኑን ያይ ነበር? አልነበረም። ይሸፈናል፣ ዓይን እንዳያርፍበት ይባላል፣ «እንዴት ያምራል» ያለ ሰው በክፉ ይታያል። እሷም ያንኑ ነው ያደረገችው። የልጁ ሙሉ ስም፣ የተወለደበት ቀን፣ ፊቱና የእናቱ ስም አንድ ላይ ሲቀመጥ እዚያ አገር በልጁ ስም የባንክ ካርድ ለማውጣት ለሚሞክር ሌባ ሥራውን ያቀልለታል፤ ልጅ ደግሞ እስኪያድግ የባንክ ነገሩን የሚያይለት ስለሌለ ቶሎ አይታወቅም። ፈረንሳይ ውስጥ እንዲያውም እ.አ.አ በ2024 የወጣ ሕግ ወላጆች የልጃቸውን ምስል መብት አብረው የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። እናትና አባቱን ነው የሚለው! አያት ከዚያ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ፎቶው ይናፍቅዎታል፣ ለጎረቤትም ማሳየት ይፈልጋሉ። በቫይበር ወይም በዋትስአፕ የቤተሰብ ግሩፕ ያስከፍቱ፣ እዚያ ይለጥፉ፣ እዚያ ይመርቁ። ለጎረቤት ደግሞ ቡና ሲጠጡ ስልኩን ከፍተው ያሳዩአቸው። ጥሩውን መርጠው በወረቀት አሳጥበው ሳሎን ቢሰቅሉት ደግሞ ልጅዎም አትቆጣም። ለልጅዎም አንድ ቃል አለኝ፦ እናትን እንዲህ አይቆጡም። ፎቶውን ስትልኪ «እማዬ፣ ለራስሽ ብቻ ነው» ብትያት ይበቃት ነበር።

ስልኬ ስክሪኑ ተሰብሮ ለጥገና ስሰጥ ፓስዎርዱን ጠየቁኝ። ሰጠሁ። ሁለት ቀን እዛ አደረ። እንዲህ መጠየቅ ትክክል ነው?
ዲ.፣ ከፒያሳ

ለስክሪን? አያስፈልጋቸውም። ስክሪኑ መሥራቱን ለማየት ስትረከበው አንተው ትከፍትላቸዋለህ። ካናዳ ያሉ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፖችን ሆን ብለው ለጥገና ሰጥተው ባዩት መሠረት ፓስዎርድ የጠየቁ ሱቆች ብዙ ነበሩ፤ ፎቶ የከፈቱ፣ አልፎም ወደ ራሳቸው ዕቃ የቀዱ ጠጋኞችም ተገኝተዋል። የእኛዎቹ ከነሱ ይብሳሉ አልልም፣ ይሻላሉ ለማለትም ምክንያት የለኝም። ሳምሰንግ ካለህ ሴቲንግ ውስጥ «ሜንተናንስ ሞድ» የሚባል በብዙዎቹ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ታገኛለህ፤ ስልኩ እንደ ባዶ ስልክ ይከፈታል፣ ያንተ ዕቃ ተቆልፎ ይቀመጣል። እሱ ከሌለ ጠጋኙ ሲሠራ ቆመህ ጠብቅ። ሜሞሪ ካርዱንም አውጣ። የሚያወጣው ግን በጣም ጥቂት ሰው ነው።

ፋይዳዬን ላሳትም ማተሚያ ቤት ሄጄ በቴሌግራም ላክልን አሉኝ። ላክሁ። በኋላ ሐሳብ ገባኝ። ቅጂው እነሱ ጋ ይቀራል? ሕግ የለም እንዴ?
ቢ.፣ ከአዳማ

ይቀራል እንጂ። የኮፒና የፕሪንት ቤት ኮምፒዩተር አይተህ ታውቃለህ? «ዳውንሎድስ» የሚለው ፎልደር ሲከፈት የሰው ፊት ነው የሚደረደረው። የዛሬ ሳምንት የመጣ ሰው ዲግሪ፣ የአንዷ ፓስፖርት፣ የጋብቻ ሰርተፊኬት፣ የቤት ካርታ። ልጁ ያንተን ሲፈልግ የሌላ አሥር ሰው እያሳየህ ነው የሚያልፈው። ተንኮል የለበትም፣ ማጥፋት ትዝ አይለውም እንጂ። ተንኮል ያለበት ሰው እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ቀን ግን ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ሕጉ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ከ1987 ጀምሮ ይጠብቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃህን የያዘ አካል ለምን እንደያዘው እንዲነግርህ፣ የተሳሳተውን እንዲያርም፣ በሕግ በተቀመጠው ሁኔታም እንዲያጠፋልህ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ወረቀቱ ጥሩ ነው። የአዳማው ፕሪንተር ቤት ልጅ ግን አዋጁን አላነበበውም፣ አንተም ለ50 ብር ሥራ ክስ አትመሠርትም። ስለዚህ በእጅህ ያለውን ተጠቀም። ፋይሉን በፍላሽ ይዘህ ሂድና ታትሞ ሲያልቅ ከፍላሹ ውጪ የቀረ እንደሆነ «አጥፋልኝ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርግልኝ» በለው። በቴሌግራም ልከህ ከሆነ አንተው መልእክቱን ለሁለታችሁም አጥፋው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የወረደው ግን በዚህ አይጠፋምና እሱን ሄደህ አስጠፋ። ፎቶ ኮፒ ለአከራይ ወይም ለቀጣሪ ስትሰጥ ደግሞ በእስክሪቢቶ ኮፒው ላይ አግድም «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብለህ ቀኑን ጻፍበት፤ ፊትህንና ቁጥርህን በከፊል እያቋረጠ ይለፍ። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። ቅር ይበለው።

ፋይዳ ስትመዘገብ የአሥር ጣት አሻራህንና የዓይንህን ምስል ሰጥተሃል። ያ እዚያ ማተሚያ ቤት የለም፣ የተላከው ካርዱ ነው፣ ስለዚህ ያን ያህል አትደንግጥ። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ግን በዚያ በኩል እለፍ፣ ልጁ እስከ ማታ ክፍት ከሆነ።